ሰብለ ወንጌልና ፖሊና
ፍቅር፣ ጋብቻና የሴት ልጅ መንገድ በልብ ወለድ ድርሰቶች

በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶቻችን «ፍቅር እስከ መቃብር» ለውይይት በቀረበ ቁጥር የሚነሣ አንድ የቆየ ክርክር አለ። ይኸውም ሰብለ ወንጌል በዛብህን መውደድዋ፣ ወድዳውም የአባትዋን ቤት ጥላ መውጣትዋ ትክክል ነበር ወይስ ጥፋት የሚል ነው። ክፍሉ ወዲያው ለሁለት ይከፈላል። አንደኛው ወገን ለፍቅር ጥብቅና ሲቆም ሌላው ስለ ወላጅ ክብር ይሟገታል፤ ደወል ሲደወልም ክርክሩ በእንጥልጥል ይቀራል። በእኛ አስተያየት ክርክሩ የማያልቀው ጥያቄው ከባድ ስለሆነ አይደለም፤ ከድርሰቱ ውጭ ስለሆነ ነው። ልብ ወለድ ድርሰት ችሎት አይደለም፤ ባለታሪኳም ተከሳሽ ሆና አልቀረበችም። ተማሪዎቻችን ዳኛ ሆነው ሲቀመጡ አንድ ነገር ሳያዩ ያልፋሉ፤ እርሱም ደራሲው ለዚች ሴት የሰጣት ኑሮ ምን ያህል ስፋት እንዳለው ነው።

በዚህ ጽሑፍ የምናቀርበው ሐሳብ አጭር ነው። አንድ ድርሰት ስለ ሴት ልጅ ማንነት ምን እንደሚል ለማወቅ ማንን እንደወደደች ብቻ መጠየቅ አይበቃም። ከቤት ስትወጣ በየትኛው መንገድ፣ በማን ስምና በምን ልብስ እንደሄደች መከታተል ያስፈልጋል። ለዚህም ከአገራችን «ፍቅር እስከ መቃብር»ን፣ ይህን ጽሑፍ ከምናዘጋጅባት ከናይሮቢ ደግሞ የማርጆሪ ኦሉዴ ማክጎይን «ካሚንግ ቱ በርዝ» ወስደን እናነጻጽራለን። የሁለተኛው መጽሐፍ ርእስ ወደ አማርኛ ቢመለስ «ወደ መወለድ መምጣት» እንደማለት ነው። ሁለቱን መጽሐፎች ያጣመርነው ስለሚመሳሰሉ ሳይሆን አንዱ ያቆመበትን ሌላው ስለሚጀምርበት ነው።

ወደ ማጀትና ወደ ችሎት

«ሴት ወደ ማጀት፣ ወንድ ወደ ችሎት» የሚለውን ምሳሌ የማያውቅ ተማሪ አይገኝም። ብዙ ጊዜ የምንጠቅሰው የሥራ ክፍፍልን ያመለክታል ብለን ነው። ልብ ብለን ብናየው ግን አባባሉ ስለ መንገድም ይናገራል። ለሁለቱም «ወደ» ተብሏል፤ የወንዱ «ወደ» ከቤት ያወጣል፣ የሴቷ «ወደ» ግን ወደ ጓዳ ያስገባል። በቀድሞው የባላባት ሥርዓት ደግሞ ጋብቻ በሁለት ሰዎች መካከል የሚደረግ ስምምነት ሳይሆን በሁለት ቤቶች መካከል የሚፈጸም ውል ነበር። ሽማግሌ ይላካል፣ ዘር ይቆጠራል፣ ጥሎሽ ይመጣል፣ ቀን ይቆረጣል። ሙሽራይቱ በመጨረሻ ፊትዋ ተሸፍኖ በበቅሎ ትወሰዳለች። ከአባትዋ ቤት እስከ ባልዋ ቤት ያለው ያ ጉዞ ለብዙዎቹ የዕድሜያቸው ትልቁ ጉዞ ነበር። መንገዱን ግን የመረጠችው እርስዋ አልነበረችም፤ ፊትዋ ስለተሸፈነም በደንብ አላየችውም።

ከዚህ አንጻር ሲታይ የአማርኛ ልብ ወለድ አጀማመር የሚያስደንቅ ነው። አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ በ1900 ዓ.ም. ሮማ ላይ ያሳተሙት፣ ስሙም ኋላ የድርሰቱ ዓይነት መጠሪያ የሆነው «ልብ ወለድ ታሪክ» በዋና ባለታሪክነት ያቀረባት ጦቢያን ነው። ጦቢያ የጠፋ ወንድምዋን ለመፈለግ ከአባትዋ ጋር ትወጣለች። ነገር ግን የምትወጣው የወንድ ልብስ ለብሳ ነው። ሴት መሆንዋ በታወቀ ጊዜም መንገዱ ያበቃል፤ ታሪኩ በንጉሥ ሚስትነትዋ ይደመደማል። እንግዲህ የመጀመሪያው የአማርኛ ልብ ወለድ ለሴት ልጅ ሁለት ነገር ፈቅዶላታል ማለት ይቻላል፤ ወንድ መስላ መሄድን፣ ሴት ሆና መቀመጥን።

ሰብለ ወንጌል

ከዚያ በኋላ ግማሽ ምእተ ዓመት ያህል አልፎ፣ በ1958 ዓ.ም. «ፍቅር እስከ መቃብር» ታተመ። ደራሲው ሐዲስ ዓለማየሁ በጎጃም ተወልደው በዚያው የቤተ ክህነት ትምህርት የቀመሱ፣ በጠላት ወረራ ዘመን በኢጣልያ የታሰሩ፣ ኋላም በዲፕሎማሲና በሚኒስትርነት ያገለገሉ ሰው ነበሩ። የሚጽፉለትን ሥርዓት ከውስጥ ያውቁታል። መጽሐፉ በወጋየሁ ንጋቱ ድምፅ በሬዲዮ በተነበበ ጊዜ ደግሞ ፊደል ያልቆጠረው ሕዝብ ሳይቀር ሰብለንና በዛብህን እንደ ጎረቤት ልጆች ዐወቃቸው።

የታሪኩ አጥንት በሁለት የወላጅ ቃል ላይ የቆመ ነው። በዛብህ ገና በሕፃንነቱ ለቤተ ክርስቲያን የተሳለ ልጅ ነው፤ ስለቱ ከጋብቻ ያግደዋል። ሰብለ ደግሞ የፊታውራሪ መሸሻ ልጅ ናት፤ ዘርዋ ከጋብቻ ያግዳታል። አባትዋ የሚመጣውን ጠያቂ ሁሉ በትውልድ አይመጥነንም እያሉ ሲመልሱ ዕድሜዋ ያልፋል። ሁለቱም ሳይጠየቁ በሌላ ሰው አፍ የተሰጡ ልጆች ናቸው። የሚያገናኛቸውም ትምህርት ነው። በዛብህ ሊያስተምራት ወደ ቤቱ ይገባል፤ እርስዋም ፊደልን ከፍቅር ጋር ትማራለች። እኛ መምህራን ይህን ክፍል ዝም ብለን ልናልፈው አይገባም። ሐዲስ ዓለማየሁ የሰብለን ልብ የቀሰቀሰው የበዛብህ መልክ ብቻ እንዳልሆነ አሳይተዋል። በዚያ ግቢ ውስጥ ከዘርዋ ቈጠራ ውጭ ስለ ሌላ ነገር ያነጋገራት ሰው እርሱ ነው። ናፍቆትዋ ወንድን መናፈቅ ብቻ ሳይሆን እንደ ሰው መነጋገርን መናፈቅም ነው።

አሁን መንገዱን እንከተል። ሰብለ በዛብህን ፍለጋ ወደ አዲስ አበባ የምትነሣው መነኩሴ መስላ ነው። ይህ በታሪኩ አካሄድ የሚያስገርም አይደለም፤ በዚያ ዘመን የባላባት ልጅ ያለ አጀብ፣ በራስዋ መልክ የጎጃምን መንገድ ልትወጣው አትችልም ነበር። ነገር ግን ደራሲው ይህን ልብስ ኋላ ምን እንዳደረጉት እንመልከት። ሰብለ በዛብህን ስታገኘው በሞት አፋፍ ላይ ነው። ከሞተ በኋላ ትመነኵሳለች፤ ከመቃብሩም አጠገብ ትኖራለች። መጀመሪያ መሸሸጊያ የነበረው ልብስ በመጨረሻ እውነተኛ ልብስዋ ሆነ ማለት ነው። ከአባትዋ ቤት እስከ መቃብር በሄደችው መንገድ ሁሉ ሰብለ ወንጌል በስምዋና በመልክዋ አንድ ቀን እንኳ ሳትሄድበት ቀረች።

ብዙ አንባቢ ያስለቀሰው የፍቅሩ መቀጨት ነው። በእኛ በኩል የበለጠ የሚያሳዝነው ግን ይኸኛው ነው። የመጽሐፉም ትልቁ ክስ እዚህ ላይ ያለ ይመስለናል። ያ ሥርዓት ሴት ልጅ እንዳታገባ ወይም እንዳትወድ ብቻ አልከለከለም፤ እርስዋን ራስዋን ሆና የምትታይበት ቦታ አልነበረውም።

ይህን ስንል ግን ድርሰቱ ጉድለት የለውም ማለታችን አይደለም። በመጽሐፉ ውስጥ የሥርዓቱን ግፍ የሚተነትነው፣ ልማድን የሚፈትሸው፣ እብድ እየተባለም እውነቱን የሚናገረው ጉዱ ካሣ ነው። ስለ ሴቶች ዕጣ የሚነገረውም በአብዛኛው በእርሱ አንደበት ነው። ሰብለ ትሠቃያለች፣ ታለቅሳለች፣ ትወስናለች፤ የሥቃይዋን ምክንያት የሚያስረዳው ግን ወንዱ ዘመድዋ ነው። ደራሲው ድፍረትን ሰጥተዋት ትንተናውን ለሌላ ሰጡ። ይህም ቢሆን ከዘመኑ ጋር ተመዝኖ መታየት አለበት እንጂ ለመውቀሻ ብቻ መዋል የለበትም።

ችግሩ የእኛ ብቻ ነውን?

አንዳንድ ተማሪዎች ይህ የኋላ ቀር ባላባታዊ ኅብረተሰብ ጠባይ ነው፤ በሌላው ዓለም የለም ብለው ይገምታሉ። እውነቱ እንዲህ አይደለም። ሻርሎት ብሮንቴ እ.ኤ.አ. በ1847 ባሳተሙት «ጄን ኤር» ውስጥ ባለታሪኳ ሊያገባት የነበረው ሰው ሚስት እንዳለችው ስታውቅ ቤቱን ጥላ ትጠፋለች። ተርባ በሜዳ ላይ ከተንከራተተች በኋላ ሰዎች ሲያስጠጓት የምትነግራቸው እውነተኛ ስምዋን አይደለም። እንግሊዛዊትዋ ጄንም ከቤት በወጣች ጊዜ ስምዋን መደበቅ ግድ ሆኖባታል።

ከዚያ በፊት እ.ኤ.አ. በ1813 በታተመው የጄን ኦስተን «ፕራይድ ኤንድ ፕሬጁዲስ» ኤልሳቤጥ የታመመች እኅትዋን ለመጠየቅ ሦስት ማይል በጭቃ ውስጥ ብቻዋን በእግርዋ ትሄዳለች። ያደረገችው ይህን ብቻ ነው። የደረሰችበት ቤት ሴቶች ግን የቀሚስዋን ጭቃ እያነሡ ያሙአታል። ሦስት ማይል በእግር መሄድ ለወንድ ሽርሽር ነው፤ ለሴት ግን የጠባይ ምስክር ሆኖ ተቈጠረባት።

ቶልስቶይም በ«አና ካሬኒና» ያደረጉትን ማስታወስ ይጠቅማል። አና ቭሮንስኪን የምትተዋወቀው በባቡር ጣቢያ ነው፤ ሕይወትዋም የሚያልፈው በባቡር ጣቢያ ነው። ባል፣ ልጅና ክብር የነበራት ሴት በፍቅር ምክንያት ከቤትዋ ከወጣች በኋላ ኅብረተሰቡ የምትገባበትን በር ሁሉ ዘጋባት። የቀራት ጣቢያው ብቻ ነበር። ይህን የባቡር ጣቢያ እናስታውሰው፤ የናይሮቢው ድርሰት ከዚያው ይነሣልና።

ፖሊና በናይሮቢ

ናይሮቢ ራስዋ የባቡር ልጅ ናት። ከሞምባሳ የተነሣው ሐዲድ እ.ኤ.አ. በ1899 እዚህ ሲደርስ የሥራ ሰፈር ሆና ተቈረቈረች። የቅኝ ገዥው መንግሥት አፍሪካዊውን ሠራተኛ ለጊዜው መጥቶ የሚሄድ ጉልበት አድርጎ ይመለከተው ስለነበር፣ የሚሰጠውም መኖሪያ በአብዛኛው ለነጠላ ወንድ የሚሆን የመኝታ ቦታ ነበር። ሚስቱ በገጠር እርሻውን ይዛ እንድትቀር ነበር የተፈለገው። እንግዲህ ናይሮቢ በአሠራርዋ ሴት ያልታሰበባት ከተማ ነበረች።

«ካሚንግ ቱ በርዝ» የሚጀምረው እ.ኤ.አ. በ1956 ነው። በ1952 የታወጀው የአስቸኳይ ጊዜ ሁኔታ ገና አልተነሣም። የ16 ዓመትዋ ፖሊና ከሉዎ አገር፣ ከኪሱሙ በኩል በባቡር ተሳፍራ ናይሮቢ ትደርሳለች፤ ጣቢያው ላይ የሚቀበላት ባልዋ ማርቲን ዌሬ ነው። ከእርስዋ በጥቂት ዓመታት ብቻ ይበልጣል፤ ከተማውን ዐውቃለሁ ብሎ የሚኮራ ወጣት ነው። የሚኖሩትም ለአፍሪካውያን ከተከለሉት አሮጌ ሰፈሮች አንዱ በሆነው በፑምዋኒ ነው። ፖሊና እንደመጣች ያስወርዳትና ሆስፒታል ትገባለች። ከሆስፒታል ወጥታ ወደ ቤትዋ ስትሄድ መንገዱ ይጠፋታል፤ በማታውቀው ከተማ ትንከራተታለች። በመጨረሻ ስትመለስ ማርቲን የት ነበርሽ ብሎ ይደበድባታል።

ይህን ምዕራፍ ከሰብለ ጉዞ ጋር ጐን ለጐን ማንበብ ይገባል። ፖሊና ማንንም ፍለጋ አልሄደችም፤ የሄደችው ወደ ባልዋ ቤት ነው። አልተሸሸገችም፤ የለበሰችው የራስዋን ልብስ ነው። ሆኖም መንገድ ላይ መገኘትዋ ብቻ በደል ሆኖ ተቈጠረባት። ጭቃ የነካው የኤልሳቤጥ ቀሚስ በሐሜት ቀረ፤ የፖሊና ግን በዱላ ተመነዘረ።

ደራሲዋ ማርጆሪ ኦሉዴ ማክጎይ በእንግሊዝ አገር ተወልደው እ.ኤ.አ. በ1954 የመጽሐፍ መሸጫ ሥራ ይዘው ኬንያ የገቡ፣ ኬንያዊ አግብተው ዜግነቱን የወሰዱ፣ በ2015 በናይሮቢ ያረፉ ሴት ነበሩ። መጽሐፉ እ.ኤ.አ. በ1986 ወጥቶ በዚያው ዓመት የሲንክሌር ሽልማትን አግኝቷል። የእርሳቸው ጥበብ ከዚያ ድብደባ በኋላ ፖሊናን ወዴት እንደሚወስድዋት ማወቃቸው ላይ ነው። ወደ መቃብር አልወሰድዋትም፤ ከባቡርም በታች አልጣልዋትም። የቤት ሙያ ማሠልጠኛ አስገብዋት። ተምራ የሴቶች ክበብ መሪ ትሆናለች፤ የራስዋ ደመወዝና የራስዋ ክፍል ይኖራታል። ማርቲን ከሌሎች ሴቶች ጋር ሲኖር እርስዋም ከሌላ ሰው ወንድ ልጅ ትወልዳለች። ያ ልጅ ግን እ.ኤ.አ. በ1969 ፕሬዚዳንት ኬንያታ ኪሱሙን በጎበኙ ዕለት በሕዝቡ ላይ በተተኰሰው ጥይት ይሞታል። ጉብኝቱም ተኵሱም በታሪክ የተፈጸሙ ናቸው፤ ደራሲዋ የአገሪቱን ሐዘን በአንዲት እናት ጭን ላይ አስቀመጡት።

ከዚያ በኋላ ፖሊና እንደገና ወደ ናይሮቢ ትመጣለች፤ በአንድ የምክር ቤት አባል ቤት ተቀጥራ ትሠራለች። ያቺው መንገድ የጠፋት ልጅ አሁን ከተማውን ታውቀዋለች። ማርቲንም በጊዜ ብዛት የቀድሞ ትዕቢቱ በርዶ ወደ እርስዋ ይመለሳል። ታሪኩ ሲያልቅ ፖሊና ከብዙ ዓመታት መካንነት በኋላ ከባልዋ አርግዛ እናገኛታለን። ርእሱ የሚናገርለት መወለድ የሕፃኑ ብቻ አይደለም፤ የፖሊናና ነጻነትዋን ያገኘችው አገርም ነው።

እዚህም ላይ ሂስ መሰንዘር ተገቢ ነው። መጽሐፉ ስለ ፖሊና ሰው መሆን ያሳየን በሥራዋና በእግርዋ ነበር፤ መጨረሻ ላይ ግን እርግዝናን እንደ ምስክር ወረቀት ያቀርበዋል። ካላረገዘች ሙሉ ሰው አትሆንም ነበር ወይ ብሎ አንባቢ ቢጠይቅ አይፈረድበትም። እንዲሁም በዱላ የጀመረው ባል በዕርቅ ሲመለስ ስለ ዱላው በቂ ሒሳብ አልተወራረደም። ነገር ግን ይህ ጥያቄ ሊነሣ የቻለው ደራሲዋ ፖሊናን ሃያ ዓመት ያህል በሕይወት ስላቈይዋት ነው። ሰብለን እንዲህ ብሎ ለመጠየቅ ዕድሜ አልተሰጣትም።

የኬንያ እኅቶችዋ

ፖሊና በኬንያ ሥነ ጽሑፍ ብቻዋን የቆመች አይደለችም። እ.ኤ.አ. በ1966፣ ማለት «ፍቅር እስከ መቃብር» በታተመበት አካባቢ፣ ግሬስ ኦጎት «ዘ ፕሮሚስድ ላንድ»ን ናይሮቢ ላይ አሳተሙ። በዚያ ውስጥ ኛፖል የተባለችው አዲስ ሙሽራ ባልዋ ኦቾላ ለም መሬት ፍለጋ ወደ ታንጋኒካ እንሂድ ሲላት ትቃወማለች። ሰሚ ግን አታገኝም፤ ሚስት ናትና ትከተላለች። በመጨረሻ ባልዋ በማይታወቅ ሕመም ተይዞ ወደ አገራቸው ይመለሳሉ። ኛፖል ትክክለኛ ፍርድ ነበራት፤ ያልነበራት ፍርድዋ የሚሰማበት ቦታ ነው።

ንጉጊ ዋ ቲዮንጎ እ.ኤ.አ. በ1965 ባወጡት «ዘ ሪቨር ቢትዊን» ደግሞ የሰባኪው የኢያሱ ልጆች፣ ሙቶኒና ኛምቡራ፣ በወንዝ በተለያዩ ሁለት ኰረብቶች መካከል ይኖራሉ። ሙቶኒ ክርስትናዋን ሳትለቅ የጐሣዋ ሙሉ ሴት ለመሆን ትመኛለች፤ ለዚህም አባትዋን ጥላ፣ ወንዙን ተሻግራ ትገረዛለች፤ ቁስሉ አልድን ብሎም ትሞታለች። ኬንያ ግርዛትን በሕግ የከለከለችው እ.ኤ.አ. በ2011 ነው። የሙቶኒ ታሪክ ግን ጉዳቱን ከማሳየት በላይ ይሄዳል። ማንነትን የምትፈልግ ሴት ሌላ የምትጽፍበት ቦታ ስታጣ በገዛ ሥጋዋ ላይ ለመጻፍ ትገደዳለች። ኛምቡራም ዋይያኪን ስትወድ ፍርዱን የሚሰጡት የጐሣው ሽማግሌዎች ናቸው።

ከሁሉ ተለይታ የምትታየን የማርጋሬት ኦጎላ አኮኮ ናት። ኦጎላ የሕፃናት ሐኪም ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1994 ያሳተሙት «ዘ ሪቨር ኤንድ ዘ ሶርስ» አራት የሴት ትውልድ የሚከታተል ሲሆን በኬንያ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶችም የመማሪያ መጽሐፍ ሆኖ አገልግሏል። አኮኮ 30 ከብት ተቈጥሮባት የተዳረች የአለቃ ሚስት ናት። ባልዋና ልጅዋ ከሞቱ በኋላ የባልዋ ወንድም ሥልጣኑንና ንብረቱን ሲቀማ ወደ ማጀት አትመለስም። ኪሱሙ ድረስ ሄዳ ለቅኝ ገዥው ሹም አቤት ትላለች፤ ይፈረድላታልም። «ወንድ ወደ ችሎት» ላልነው ምሳሌያችን ከዚህ የተሻለ መልስ ከየት ይገኛል? አኮኮ ችሎት የደረሰችው በገዛ ስምዋ፣ በገዛ መልክዋ ነው።

ፍቅርን ማሳነስ ነውን?

አንዳንድ አንባቢዎች እንዲህ ብለው ሊቃወሙን ይችላሉ። የሰብለ ፍቅር ከፍ ያለ፣ እስከ ሞት የጸና ነው፤ የፖሊና ግን የዕለት ኑሮ፣ የዱላና የደመወዝ ታሪክ ነው፤ ሁለቱን ማወዳደር ፍቅርን ማሳነስ ይሆናል። ይህ ተቃውሞ በቀላሉ የሚታለፍ አይደለም። የሰብለ ጽናት ትውልድን ያስተማረ ነው፤ የተጨቈነ ልብ እንኳ የራሱን ምርጫ ይዞ እስከ መጨረሻው ሊቆም እንደሚችል አሳይቷል።

ይሁንና ለ16 ዓመት ተማሪ የምናስተምረው ምን እንደሆነ ማሰብ አለብን። ንጹሕ ፍቅር ማለት የማይፈጸም ፍቅር ነው፣ ትልቅ ሴት ማለት ለፍቅር የሞተች ሴት ናት ብሎ ተረድቶ ከክፍል ከወጣ፣ መጽሐፉን ሳይሆን ለቅሶውን ብቻ ነው ያስተማርነው። ሐዲስ ዓለማየሁ ያን መጽሐፍ የጻፉት መቃብሩን ለማስወደድ አልነበረም፤ ወደዚያ የሚያደርሰውን ሥርዓት ለማሳየት ነበር። ፖሊናን ከሰብለ አጠገብ ስናስቀምጥ ይህ ይበልጥ ግልጽ ይሆናል። ፖሊና የነበራት ልዩ ጀግንነት አይደለም፤ መማሪያ ቤት፣ ደመወዝና ቁልፉ በእጅዋ የሆነ ክፍል ነው። በእነዚህ ላይ ቆማ ባልን ልትመርጥም፣ ልትተውም፣ ልትታረቅም ቻለች።

ሕግም በበኩሉ ተራምዷል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ የፍትሐ ብሔር ሕግ ሴት ልጅ በ15 ዓመትዋ፣ ወንድ ደግሞ በ18 ዓመቱ እንዲያገቡ ይፈቅድ ነበር። በ1992 ዓ.ም. የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ለሁለቱም 18 ዓመት አድርጎ የተጋቢዎቹን ነጻና ሙሉ ፈቃድ ግዴታ አድርጓል። በኬንያም እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣው የጋብቻ ሕግ ዝቅተኛውን ዕድሜ 18 ዓመት አድርጎታል። በእነዚህ ሕጎች ዓይን ፖሊና በዚያ ባቡር ስትሳፈር ልጅ ነበረች። ሕግ ግን በሩን ይከፍታል እንጂ መንገዱን አይሄድም። ትምህርትዋን ለጋብቻ ያቋረጠች ልጅ ወንበርዋ ባዶ ሆኖ ያየ መምህር ይህን ከእኛ በላይ ያውቀዋል። በዚያ ክፍል ውስጥ «ሰብለ አጥፍታለች ወይስ አላጠፋችም» ብሎ ማከራከር ለቀሩት ልጃገረዶች የሚያስተምረው ነገር ቢኖር፣ የወደደች ሴት ሁልጊዜ ተከሳሽ መሆንዋን ነው።

ስለዚህ መምህራን ጥያቄውን እንዲለውጡ እንመክራለን። ለክፍል ውይይት የሚረዱ ጥቂት ጥያቄዎች ከዚህ በታች አቅርበናል።

1ኛ. በ«ፍቅር እስከ መቃብር» ውስጥ ስለ ሰብለ ጋብቻ የሚናገሩትን ሰዎች ሁሉ በዝርዝር ጻፉ። ከእነርሱ መካከል እርስዋ ራስዋ የተናገረችው ምን ያህል ነው?

2ኛ. ሰብለ መነኩሴ መስላ ባትወጣ ኖሮ ምን ያጋጥማት ነበር? መልሳችሁን ከመጽሐፉ በሚገኝ ማስረጃ አስደግፉ።

3ኛ. ጉዱ ካሣ ስለ ልማድ ከተናገራቸው ሐሳቦች አንዱን መርጣችሁ ሰብለ ብትናገረው ኖሮ በምን ቃል ትናገረው እንደነበር ጻፉ።

4ኛ. በአካባቢያችሁ የምታውቋት አንዲት ትልቅ ሴት፣ አያታችሁም ብትሆን፣ ከቤት ርቃ የሄደችበትን የመጀመሪያ መንገድ እንድትነግራችሁ ጠይቁ። ከማን ጋር ሄደች? ማን ፈቀደላት? ያገኛችሁትን መልስ ከጦቢያ፣ ከሰብለ ወይም ከአኮኮ ጉዞ ጋር አነጻጽሩ።

አራተኛውን ጥያቄ ወንዶች ተማሪዎችም እንዲሠሩት ማድረግ ያስፈልጋል። አያቱን መንገድዋን ጠይቆ ያዳመጠ ልጅ ነገ የእኅቱን መንገድ ለመዝጋት እጁ የሚዘገይ ይመስለናል።